ለመግቢያ ጥያቄ የሚቀርብ ልጅና ጫማው



አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብለው የተናገሩት ምሳሌ በችሎት ፊት ለሚቆም ባለጉዳይ ብቻ የተነገረ ሊመስለን ይችላል። እኔም ዕድሜዬን የማሳልፈው በፍርድ ቤት መዝገብ ፊት ተቀምጬ የሌላውን ሰው ቃል በመጻፍ ስለ ሆነ፥ ምሳሌውን ብዙ ጊዜ የሰማሁት ከዚያው ከችሎት ነው። ነገር ግን በደንብ ብንመለከተው፥ ልጁን ለትምህርት ቤት መግቢያ ጥያቄ ለሚያቀርብ ወላጅም የሚስማማ ምክር ሆኖ እናገኘዋለን። ልጁ የሚመዘነው በአነጋገሩ ነው፤ ጫማው የሚሰነብተው በአያያዙ ነው። ጫማው እግርን የሚያጣብቅና የሚልጥ የሆነ እንደ ሆነ ግን አነጋገሩም አብሮ ይሰናከላል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ላይ፥ ትንሽ መስሎ የሚታየውን፥ ዳሩ ግን የልጅን አንድ ዓመት ሊያስከፍል የሚችለውን የጫማን ነገር ለመናገር አስበናል።

ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው የደብረ ማርቆስ ከተማ፥ በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ተብለው የነገሡት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ እንደ ነበረች የታወቀ ነው። ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ የመምህራን ትምህርት ኮሌጁና በ1997 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ብዙ ወጣቶችን ከዙሪያዋ ይስባሉ። በአገራችን ለመምህርነት የሚመለመሉ እጩዎች ከጽሑፉ ፈተና ሌላ፥ ቃለ መጠይቅ በሚባለው የቃል ጥያቄም ይመዘናሉ። ልጁን አቅርበው ሳያነጋግሩ የማይቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶችና የሚሲዮን ትምህርት ቤቶችም አሉ።

የጥሪው ወሬ የደረሰ እንደ ሆነ ከስናን፥ ከማቻከል፥ ከአነደድ፥ ከባሶ ሊበን የወንድም ልጅ፥ የእኅት ልጅ ወይም የክርስትና ልጅ በከተማ ወደሚኖረው ዘመድ ቤት ይመጣል። የቤቱም እመቤት እንደ አገራችን ልማድ ለእግሩ ለብ ያለ ውኃ ባቀረበች ጊዜ አስቀድማ የምታየው ያንኑ እግር ነው። እግሩ በጭቃ የተለወሰ፥ ጫማውም የላስቲክ ወይም ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ይሆናል። ጥያቄው ግን ነገ ጧት ነው፤ ታዲያ ምን ይደረግ?

በብዙ ቤት የሚሰጠው መልስ የቤቱን ልጅ አዲስ ጫማ አምጥቶ እንግዳውን ማጫማት ነው። ይህ ከደግነት የመጣ መሆኑ የማይካድ ነው። ነገር ግን ደግነቱ እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል በራሴ ላይ ከደረሰው ልናገር።

ከቅኔ ቤት ወጥቼ ወደ አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ለመግባት በቀረብሁ ጊዜ፥ በከተማ የሚኖሩት አጎቴ ባዶ እግሬን አይተው «አንተ ልጅ፥ ይህን እግር ይዘህ በሰው ፊት ልትቆም ነው?» አሉኝና የልጃቸውን ጥቁር የቆዳ ጫማ ሰጡኝ። የአጎቴ ልጅ በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር፤ እግሩ ግን በጫማ ውስጥ ያደገ ቀጭን እግር ነበር። የእኔ እግር ድንጋይና እሾህ የረገጠ፥ ጣቶቹም የተዘረጉ ስለ ነበረ፥ ጫማው በርዝመቱ ቢበቃኝም በስፋቱ ጠበበኝ። «አጎቴ፥ ጠበበኝ» ማለት ውለታን መርሳት መስሎ ስለ ታየኝ ዝም አልሁ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤቱ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬድ ነበር። የመንገዱን እኩሌታ ሳልሄድ ተረከዜ ተላጠ፤ ከጠያቂዎቹ ፊት ስደርስም ካልሲው በደም ረጥቦ ነበር።

ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መካከለኛው በለዘበ ቃል «የመጣህበትን አገርና የተማርኸውን ትምህርት ንገረን» አለኝ። ከዚህ የቀለለ ጥያቄ አይገኝም። ዳዊት ደግሜ፥ ጉባኤ ቃና ቆጥሬ የመጣሁ ልጅ ነበርሁ፤ በየኔታ ፊት ለመናገርም የማፍር አልነበርሁም። በዚያች ሰዓት ግን ሐሳቤ ሁሉ ከተረከዜ ላይ ስለ ወረደ፥ አንዱን እግሬን ሳነሣ ሌላውን ስጥል የመንደሬን ስም ብቻ ተናግሬ ቀረሁ። ደግመው ሲጠይቁኝ መሬት መሬት አየሁ። በኋላ እንደ ተነገረኝ በመዝገቡ ላይ የተጻፈልኝ ቃል፥ ልጁ ዓይነ አፋርና ሐሳቡ የተበተነ ነው የሚል ነበር። ጠያቂዎቹን አልወቅሳቸውም፤ ያዩትን ጻፉ። ያላዩት በጫማው ውስጥ የነበረውን ነው።

እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት ቆየሁ። በሚቀጥለው ዓመት አክስቴ አንድ በግ ሸጣ፥ ጥያቄው ሁለት ወር ሲቀረው እኔን ራሴን ወደ ገበያ ይዛኝ ሄደች። የጫማውን መልክ ትታ አካሄዴን እያየች «እስቲ ልጄ ሂድበት፤ እስቲ ቁም፤ እስቲ ቁጢጥ በል» ትለኝ ነበር። ሦስት አስወልቃ አራተኛውን ገዛችልኝ። ጫማው ውድ አልነበረም፤ ነገር ግን ከብት ስጠብቅም እንጨት ስለቅምም ሁለት ወር ሙሉ ተጫማሁት። በጥያቄው ቀን ጫማ ማድረጌን ረስቼው ነበር። እነሆ ከዚያ ወዲህ ጥሩ ጫማ ማለት በእግር ላይ መኖሩ የሚረሳ ጫማ ነው ብዬ እናገራለሁ።

ይህ ነገር በእኔ ቢጤ ልጅ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮማ ከተማ ለተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር በቀረቡ ጊዜ፥ አዲሱ ጫማ ስላልተመቻቸው በለመዱት በባዶ እግራቸው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጠው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ አንደኛ ወጡ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደግሞ ተጫምተው ሮጡና እንደ ገና አንደኛ ሆኑ። ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ ባዶ እግር ከጫማ ይሻላል የሚል ትምህርት ያወጣል። ትክክለኛው ትምህርት ግን በፈተና ቀን እግር የማያውቀውን ጫማ አለማድረግ ነው። አበበ ቢቂላ የተስማማቸውን ጫማ ባገኙ ጊዜ በጫማም አሸንፈዋልና።

እንግዲህ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሊጠነቀቅበት የሚገባውን በየተራው እንመልከት።

አንደኛ፤ ሁለቱም እግር ይለካ። የሰው ሁለት እግሮች ብዙ ጊዜ እኩል ስላልሆኑ ጫማው በትልቁ እግር ልክ ይገዛ። ልጁ በወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ ይቁምና በእግሩ ዙሪያ በእርሳስ ይሰመር። ተቀምጦ የተለካ እግር ከቆመው እግር ያንሳል፤ የሰውነት ክብደት እግርን ስለሚያረዝመውና ስለሚያሰፋው ነው። ልጁ ገና በባላገር ያለ እንደ ሆነ ወረቀቱ በመንገደኛ እጅ ይላክ። በባላገር በስንጥር ለክቶ መላክ የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ስንጥር ርዝመትን እንጂ ስፋትን አይናገርም። ስለዚህ ከጣቶቹ በታች ያለው ሰፊው የእግር ክፍል ዙሪያው በክር ይለካና ክሩ ከስንጥሩ ጋር ታስሮ ይላክ። ለእኔ ይህች አንዲት ክር በጊዜዋ ተገኝታልኝ ቢሆን ኖሮ አንድ ዓመት ባተረፈችልኝ ነበር።

ሁለተኛ፤ ልኩ የሚወሰደው ከቀትር በኋላ ይሁን። እግር ጧት ከእንቅልፍ ሲነሡ ቀጠን ይላል፤ ቆመውና ሄደው ሲውሉ ግን ጥቂት ያብጣል። በጧት ልክ የገባ ጫማ ወደ ማታ ይጨንቃል። ሲለኩም ልጁ በጥያቄው ቀን የሚያደርገውን ካልሲ አድርጎ ይሁን።

ሦስተኛ፤ በቁጥር ብቻ መታመን አይገባም። በአገራችን ገበያ የሚሠራበት የአውሮፓ የጫማ ቁጥር ከአንዱ ወደሚቀጥለው የሚጨምረው የ1 ሳንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛውን ነው፤ 3 ቁጥር ሲጨምር 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ሆኖም አንዱ ሠሪ 41 ብሎ የሚጽፍበት ጫማ ሌላው ከሚሠራው 41 ሊጠብ ወይም ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ልጁ ቆሞ ሳለ ከረጅሙ ጣቱ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል፥ ይኸውም ከ1 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ባዶ ቦታ መኖሩ ይመርመር።

አራተኛ፤ ተረከዙ ይታይ። ልጁ ሲራመድ ተረከዙ ከጫማው ወጣ ገባ የሚል ከሆነ ያው መፋተግ ቆዳውን ይልጠዋል። ነጋዴው «ግድ የለም፥ ሲውል ሲያድር ይለቃል» ቢል፥ ቆዳ በስፋቱ ጥቂት ሲለቅ በርዝመቱ ግን እንደማይለቅ ማወቅ ይገባል። ወላጅም በበኩሉ «ያድግበታል» እያለ ሁለትና ሦስት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ መግዛቱን ይተው። የሰፋ ጫማ እንደ ጠበበው ሁሉ ይልጣል፤ በጭቃም ላይ ይጥላል።

ስለ ጫማው ዓይነት ብዙ መናገር አያስፈልግም። ለወንድም ለሴትም የሚሻለው ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ፥ ጌጥ ያልበዛበት፥ ጣትንና ተረከዝን የሚሸፍን፥ ማሰሪያ ያለው ጫማ ነው። ማሰሪያ ያለው ጫማ በእግሩ ልክ ይጠብቃል፥ ይላላልም። ጫፉ የሾለ ጫማ ጣቶችን እርስ በርሳቸው ያጣብቃልና ይቅር። ሶሉ የሚታጠፍና በሥሩ የተቦረቦረ ጎማ ቢሆን መልካም ነው፤ ለስላሳ የቆዳ ሶል በእርጥብ ጭቃ ላይም በተወለወለ ወለል ላይም ያንሸራትታል። በጠያቂዎች በር ላይ ተንሸራትቶ የገባ ልጅ ልቡ እስኪመለስ የመጀመሪያው ጥያቄ ያልፈዋል።

ለልጃገረዶች ከፍ ያለ ታኮ ማስደረግ በአንዳንድ ቤት የትልቅነት ምልክት ይመስላል። ሆኖም ታኮ የሰውነትን ክብደት ሁሉ ወደ ጣቶች ስለሚገፋ፥ ለምዳው የማታውቅ ልጅ መቆምም መሄድም ይቸግራታል፤ በደብረ ማርቆስ የክረምት መንገድ ላይ ከሆነም ታኮው በጭቃው ተተክሎ ይቀራል። ዝቅ ያለ፥ ሰፊ ተረከዝ ያለው ጫማ ይበቃታል። የምታሳየው ትምህርቷን ነውና።

የቆዳ ጫማ መግዛት የማይቻል የሆነ እንደ ሆነስ? በንጹሕ የታጠበና አዲስ ማሰሪያ የገባለት የሸራ ጫማ የሚያሳፍር አይደለም። ከሰው ተውሶ ከማንከስ በራስ ጫማ ቀጥ ብሎ መቆም ይሻላል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው ለዚህም ነው።

አዲስ ጫማ የተገዛ እንደ ሆነ ጥያቄው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይገዛ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በቤት ውስጥ አንድ አንድ ሰዓት ይደረግ፤ ከዚያም ሰዓቱ እየተጨመረ ይሂድ። የቤቱ አባት ከሥራ ሲመለስ ልጁን ጫማውን አስደርጎ በፊቱ ያቁመውና እንደ ጠያቂ ሆኖ ይጠይቀው። «ስምህ ማን ነው? ከየት መጣህ? ለምን መማር ትፈልጋለህ?» ይበለው። በዚህ ሥራ ጫማውም ልጁም አብረው ይለማመዳሉ፤ አባትም ልጁ ምን ሊሆን እንደሚመኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ምናልባት በዚያች ማታ ይሆናል። እግሩ ውኃ የቋጠረ እንደ ሆነ አይፈንዳ፤ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈንና እስኪድን አሮጌው ጫማ ይደረግ። ጥፍርም በዋዜማው ሳይሆን ቀደም ተብሎ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ በዋዜማ የቆሰለ ጣት በማግሥቱ ይጠዘጥዛልና።

አሁን ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ፤ እንግዳው ልጅ ማታ ደርሶ ጥያቄው ነገ ጧት ቢሆንስ? የቤቱ ልጅ ጫማ ይሞከርለት፤ ነገር ግን ተቀምጦ ሳይሆን በግቢው ውስጥ ጥቂት ጊዜ ዞሮበት ይሁን። ሲዞርበትም ፊቱ ይታይ እንጂ «ጠበበህ ወይ?» ተብሎ ብቻ አይጠየቅ። እንግዳ ልጅ አዎን አይልምና። የተስማማው እንደ ሆነ፥ በመንገድ የራሱን ጫማ አድርጎ ይሂድ፤ የተዋሰውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይያዝና ከበሩ ሲደርስ እግሩን ጠርጎ ይለውጥ። ያልተስማማው እንደ ሆነ ግን የራሱ በረባሶ ወይም የላስቲክ ጫማው በውኃና በሳሙና ይታጠብለት፤ እግሩም ይታጠብ፥ ንጹሕ ልብስም ይልበስ። ይህ ይበቃዋል።

ስለ አያያዙም ጥቂት ቃል እንጨምር። በዝናብ የራሰ የቆዳ ጫማ ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፤ በእሳት የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል። በውስጡ ወረቀት ተሞልቶ፥ ወረቀቱም እየተለወጠ፥ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይድረቅ። ጭቃው አስቀድሞ በእርጥብ ጨርቅ ይውጣ፤ ጫማው ሲደርቅ በቀለም ይቀባና በቡርሽ ይወልወል። ከጭቃ በላይ የተቀባ ቀለም ጭቃውን ይሸፍነዋል እንጂ ቆዳውን አይጠብቀውም። በከተማ መንገድ ዳር የሚቀመጡት ሊስትሮዎች ይህን ከማናችንም ይልቅ ያውቁታል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ለመማር ከባላገር የመጡ ልጆች ናቸውና፥ ጫማችሁን ስታስጠርጉ ስለ ትምህርታቸው አንድ ቃል ብትጠይቋቸው ደስ ይላቸዋል።

አንዳንድ ሽማግሌዎች «እኛ በባዶ እግራችን ተምረን ሊቅ ሆነን የለም ወይ?» ይላሉ። እውነት ነው። ጎጃም የቅኔ አገር የተባለችው ደበሎ ለብሰው፥ አኮፋዳ ይዘው፥ በባዶ እግራቸው ከደብር ወደ ደብር በዞሩ ተማሪዎች ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ በማይርቀው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፥ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ከተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊውን ትምህርት ተማሩ። ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ስለዚህ አዲስ አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ደጅ የራሱ ሥርዓት አለው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ትሕትና የሚገለጠው ጫማን በማውለቅ ነው፤ ሙሴም በቅዱሱ ስፍራ እንዲሁ ታዝዟል። በትምህርት ቤት ደጅ ደግሞ ለጠያቂዎች ያለን አክብሮት የሚገለጠው ንጹሕ ጫማ አድርገን በመቅረብ ነው። ሁለቱም አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ይኸውም የመጣሁበትን ቦታ አውቄዋለሁ የሚል ነው።

በባዶ እግር ስለ መሄድ ሌላም ከባድ ነገር አለ። የአገራችን ደጋ ቀይ አፈር ብዙ ዘመን በባዶ እግሩ የረገጠውን ሰው ለዝሆኔ በሽታ ሊዳርገው ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርመራ፥ በደጋው አገር የሚታየው ይህ የእግር እብጠት በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ መሆኑን አስረዱ፤ ስሙንም ፖዶኮኒዮሲስ አሉት። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ ብናኞች በእግር ቆዳ ገብተው የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ሥሮች ይጎዳሉ፤ እግሩም ቀስ በቀስ ያብጣል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው የመጠቃት ዝንባሌው በዘር ስለሚወረስ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በታተመ ጥናት፥ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች ከ100ው 3 ያህሉ በዚህ በሽታ ተይዘው ተገኝተዋል። መከላከያው ግን ቀላል ነው፤ እግርን ዕለት ዕለት በሳሙና ማጠብና ከልጅነት ጀምሮ ዘወትር መጫማት ነው። በአነደድ ወረዳና በአካባቢው 696 ሕሙማን ተከፍለው በተደረገና በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፥ እግራቸውን ማጠብና መቀባት፥ መጠቅለልና መጫማት የተማሩት ሕሙማን በየጊዜው የሚነሣባቸው ትኩሳትና ሕመም እንደ ቀነሰላቸው ታይቷል።

ስለዚህ ለልጃችሁ ለጥያቄው ቀን ጫማ ስትገዙ ለዚያች ቀን ብቻ አትግዙ። አንዳንድ ወላጅ ጫማው እንዳያረጅ ብሎ በሣጥን ይቆልፍበትና ልጁን በማግሥቱ በባዶ እግሩ ወደ ማሳ ይልከዋል። ጫማው ድኖ እግሩ ቢታመም ትርፉ ምንድር ነው? በሣጥን ያለ ጫማ የሚያገለግለው ለሰው ዓይን ነው፤ ዘወትር የሚደረግ ጫማ ግን ለእግር ነው። የመግዣው ገንዘብ ለአንድ ጫማ ብቻ የሚበቃ ቢሆንም፥ ለጥያቄውም ለመንገዱም ለትምህርቱም የሚያገለግል ጠንካራ ጫማ ይመረጥ።

በመጨረሻ አንድ ቃል ለጠያቂዎች እንናገር። ከዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መካከል በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት እጩዎችን ተቀምጠው የሚመረምሩ ብዙዎች እንደሚገኙ እናውቃለን። ክቡራን ሆይ፤ በፊታችሁ የቆመው ልጅ እግሩን ሲያነሣና ሲጥል ብታዩ፥ ሐሳቡ ተበትኗል ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ወንበር ስጡት። የጫማው ቆዳ መወልወሉን የእውቀቱ ማስረጃ አታድርጉት፤ መጨማደዱንም የስንፍናው ምስክር አታድርጉት። እግሩ አብጦ በተራ ጫማ የማይገባለት ልጅ ቢቀርብላችሁ፥ በሽታው የማይጋባ መሆኑን አውቃችሁ እንደ ባልንጀሮቹ አቅርባችሁ ጠይቁት። እንዲህ ላለው እግር በልኩ የሚሰፋ ጫማ አለ፤ በወላይታ እነዚህን ሕሙማን የሚረዳ ማኅበር ሕሙማኑን ራሳቸውን ጫማ መስፋት እስከ ማስተማር ደርሷል። በየከተማችን ያሉት ጫማ ሰፊዎችም ልኩን አምጥቶ የሚለምናቸው ሰው ቢያገኙ ይህን ለመሥራት እጅ አያጥራቸውም።

እኔ በችሎት የምጽፈው ቃል የሰው ሀብትና ነፃነት የሚወሰንበት ስለ ሆነ፥ ተናጋሪው ሳይመቸው ቆሞ የሰጠውን ቃል ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ያን ጊዜም ከሦስቱ ሰዎች ፊት የቆመው ልጅ ትዝ ይለኛል። ወላጆች ጫማውን ቀድመው ቢያለማምዱ፥ ጠያቂዎችም ወንበሩን ቢያቀርቡ፥ ልጁ የሚናገረው ቃል የተረከዙ ሳይሆን የልቡ ይሆናል። ያን ጊዜ ከአነጋገሩ ቢፈረድበት ፍርዱ እውነተኛ ነው።

ልጆቻችሁን ለጥያቄ የምታቀርቡ ሁሉ መልካም ዕድል ይግጠማችሁ።